የጅቡቲው ፈጣን ባቡርና የጫጫ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኘው ጫጫ የባቡር ሐዲድ አልፎባት አያውቅም። በአጠገቧ የሚፈሰው የጫጫ ወንዝ ወደ ጀማ ይወርዳል፤ በዙሪያዋ ያለው ደጋ ገብስና ባቄላ ያበቅላል፤ በግና ወተትም ለገበያ ያወጣል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ግን ምንጊዜም የሚደርሳት ከሌላ ቦታ ተራግፎ፣ በሌላ ጭነት ተዛውሮ ነው። ስለዚህ የባቡር ነገር ለጫጫ ባለ ሱቅ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በመደርደሪያው ላይ የነበረው አቡጀዲ፣ ስኳር፣ ላምባና ምስማር ለብዙ ዘመን አዲስ አበባ የገባው በባቡር ነበርና፣ ባቡሩ ሲዘገይ የጅምላ ነጋዴው መጋዘን ይጎድላል፤ መጋዘኑ ሲጎድልም ወሬው ከጭነት መኪናው ቀድሞ ጫጫ ይደርሳል።

የምድር ባቡሩ ታሪክም በአንድ በኩል የሚነሣው ከዚህችው አገር ነው። ጫጫ ዋና ከተማው የሆነችለት የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ስሙን የወሰደው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ከነበረችው ከአንጎለላ ነው። የባቡሩን ውል የፈቀዱት ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያው በአንጎለላ ነበር።

በዚያ ዘመን የሸዋ የባሕር በር በአንኮበር በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ነበር። ከአንኮበር ገደል በታች ያለችው አልዩ አምባ የቆላውና የደጋው ነጋዴ የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ከእርሷ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ ወደ ታጁራ የሚሄደው ሲራራ ነጋዴ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና፣ በዘመኑ ክፉ ልማድም ባሪያ ይዞ ይወርዳል፤ ሲመለስ ጨርቅና የጦር መሣሪያ ጭኖ ይወጣል። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ የመጣው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ከታጁራ ተነሥቶ የሸዋን ደጋ እስኪረግጥ ድረስ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። የነጋዴው ገንዘብ በዕቃ ላይ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ የሚቈጠረው በወር እንጂ በቀን አልነበረም ማለት ነው።

አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሆነው መናገሻቸውም አንኮበር ነበረች። ኢልግ የዚህን መንገድ አድካሚነት በዓይኑ ካየ በኋላ ነው የባቡርን ሐሳብ ለንጉሡ ያቀረበው። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. የተሰጠው ፈቃድ ለ99 ዓመት የሚጸና ሆኖ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል እንጦጦ እንዲደርስ፣ ከእንጦጦም እስከ ከፋና እስከ ነጭ አባይ እንዲዘልቅ ያሰበ ነበር። ሸፍኔ የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ የኢልግ ሸሪክ ሆነ። ከፋና ነጭ አባይ በወረቀት ላይ ቀሩ፤ ሐረርም ራሷ ቀረች። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ወደ ደጋው ሲቃረብ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ ስለ ታወቀ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በዚያም ባዶ ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ከተማ ተቈረቈረች፤ እርሷም ድሬዳዋ ናት። በመጀመሪያ የወጣላት ስም አዲስ ሐረር ነበር፤ ነገር ግን ስሙ አልጸናም።

ድሬዳዋ ላይ ገንዘቡ አለቀ። የመጀመሪያው ኩባንያ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ባለ አክሲዮኖች መካከል በተነሣው ፉክክርና በዕዳ ተጨንቆ በ1899 ዓ.ም. ከሰረ። ከዚያ በኋላ በተደረገ አዲስ ውል የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ ሐዲዱን ወደ አዋሽ ገፋ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። በአዲስ አበባ ዛሬም ሕዝቡ ለገሃር ብሎ የሚጠራው ታላቁ ጣቢያ የተመረቀው በኅዳር 1922 ዓ.ም. ነው። በአንኮበር ቁልቁለት ይወርድ የነበረው የግመልና የበቅሎ ንግድም ቀድሞውኑ መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ደክሞ ነበርና፣ ባቡሩ ሲገባ ጭራሹን ተረሳ። አልዩ አምባን ያከሰራት ጦርነት ወይም ወረርሽኝ አልነበረም። ዕቃው በሌላ በኩል ቶሎ ደረሰ፤ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች የተጓዙበት ባቡር በዛሬ ዓይን ሲታይ ፈጣን ሊባል አይችልም። ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይደርሳል። የአዋሹ ቡፌ በመላው ዓለም በሚታተሙ የመንገደኞች መጻሕፍት ስሙ የተጠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወዶም ሆነ ሳይወድ ያላደረበት የውጭ አገር እንግዳ ጥቂት ነው። ሦስት ማዕረግ ነበር፤ አንደኛው ለባለ ሥልጣንና ለውጭ አገር ሰው፣ ሁለተኛው ለደኅና ነጋዴ፣ ሦስተኛው ለቀረው ሕዝብ ሁሉ። ሦስት ቀን ረዥም ቢመስልም፣ ከሲራራው ወር ጋር ሲነጻጸር ታላቅ ትርፍ ነበር። ከሁሉም በላይ ነጋዴውን የጠቀመው የፍጥነቱ ነገር ሳይሆን የሚደርስበት ቀን አስቀድሞ መታወቁ ነው። ደረሰኙን ይዞ ከባንክ የሚበደር፣ ለገዥው ቀን ቈርጦ ቃል የሚገባ፣ የጭነት መኪና አስቀድሞ የሚከራይ ነጋዴ የሚያስፈልገው የታወቀ ቀን ነው።

ኤክስፕሬስ የሚባለው ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት የሐዲዱን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሊተላለፉ የሚችሉት ሐዲዱ ሁለት በሆነበት ጣቢያ ብቻ ነው። ፈጣኑ ባቡር ሳይቆም እንዲያልፍ፣ የጭነቱ ባቡር በየጣቢያው ገለል ብሎ ቆሞ ያሳልፈዋል። ኤክስፕሬሱ ያተረፈውን እያንዳንዱን ሰዓት የጭነቱ ባቡር በመቆም ይከፍላል ማለት ነው። የኩባንያው ገንዘብ የሚገባው ደግሞ ከመንገደኛው ቲኬት ይልቅ ከጭነቱ ነው። ጃፓኖች በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮና በኦሳካ መካከል በዓለም የታወቀውን ፈጣን ባቡራቸውን ሲያቆሙ ያደረጉት አንዱ ነገር ይህን ችግር ማስወገድ ነበር፤ ጠባቡን አሮጌ ሐዲድ ለጭነትና ለአዝጋሚ ባቡር ትተው ለመንገደኛው ብቻ አዲስና ሰፊ ሐዲድ ዘረጉለት። ይህ የሚቻለው ግን መንገደኛው በሚሊዮን በሚቈጠርበት አገር ነው። በአዋሽ በረሓ የመንገደኛው ባቡር የኖረው ጭነቱ እየከፈለለት ነው።

በጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች ሊቶሪና የተባሉትን በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ የመንገደኛ ፉርጎዎች በመስመሩ ላይ አሠማሩ። ከባድ ሎኮሞቲቭ ስለማይጎትታቸው ዳገቱን ቶሎ ይወጣሉ፤ ውኃና ፍም ለመሙላትም አይቆሙም። ያው ሐዲድ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱበት መንገድ ነበር። ከነጻነት በኋላ ኩባንያው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በ1940ዎቹ ዓ.ም. የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እየመጡ የእንፋሎቱን ቦታ ያዙ። በኅዳር 1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተፈረመው ውል ኢትዮጵያ የኩባንያው የእኩሌታ ባለቤት ሆነች፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። የመስመሩ የደስታ ዘመን ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሌሊት የሚተኙበት ፉርጎ ነበረ፤ በቀን የሚሮጥ ሊቶሪና ነበረ፤ ድሬዳዋ የሠራተኛና የነጋዴ ከተማ ሆና አማረች። ብዙ የከተማው ሰው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በባቡሩ ፉጨት ነበር።

በዚያው በደስታው ዘመን ግን ከሦስቱ ማዕረግ መንገደኛ የመጀመሪያው ማምለጥ ጀምሮ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ከጀመረ በኋላ አንደኛ ማዕረግ ይሳፈር የነበረው ሰው ወደ አውሮፕላን ሄደ። በአውሮፓም በአሜሪካም የታወቁት ኤክስፕሬሶች የወደቁት በዚሁ አኳኋን ነው። አንደኛ ማዕረግ በቁጥር ጥቂት ቢሆንም ቲኬቱ ውድ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ባቡሩ ሲዘገይ ጮኾ የሚሰማለት እርሱ ነበር። እርሱ ከሄደ በኋላ መዘግየት የሚያስቈጣው ባለ ሥልጣን አልተገኘም።

ሁለተኛው ተቀናቃኝ ደግሞ በጫጫ መካከል አለፈ። የአሰብ ወደብ እየሰፋ ሲሄድ ዕቃው ከአሰብ በጭነት መኪና ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል፣ የጣርማበርን ዋሻ ሾልኮ፣ በደብረ ብርሃንና በጫጫ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባ ጀመር። ባቡሩን የተሻማው ጭነት ያለፈው በዚህች ከተማ ጎዳና ነው። ጠንካራ ተሳቢ መኪና፣ ዳገቱን የለመደ ሾፌር፣ ከመርከብ ወርዶ ሳይራገፍ በቀጥታ እስከ አስመጪው መጋዘን የሚደርስ ዕቃ፤ ለአስመጪው ይህ ባቡሩ ሊሰጠው ያልቻለው ነገር ነበር። በባቡር የመጣ ዕቃ ለገሃር ላይ ይራገፋል፤ እንደ ገና ይጫናል፤ በሁለቱ መካከል የሚሰበረውና የሚጎድለው ደግሞ የነጋዴው ኪሳራ ነው። ጫጫና መሰሎቿ ከተሞች ከዚህ የድርሻቸውን አገኙ፤ የሚቆም መኪና ምግብ ይፈልጋል፤ አልጋ ይፈልጋል፤ ነዳጅና ጎማ ይፈልጋል። ባቡሩ በአዋሽና በመተሐራ ያበላው ሕዝብ እንዳለ ሁሉ፣ የአሰብ ጭነት በሸዋ ደጋ የሚያበላው ሕዝብ ተገኘ።

ይህም ሲሳይ ለረዥም ጊዜ አልቆየም። ከአዋሽ ተነሥቶ በአፋር ሜዳ ወደ ሚሌና ወደ አሰብ የሚያደርሰው መንገድ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከባዱ ጭነት የጣርማበርን ዳገት ትቶ ወደ ሜዳው ወረደ። አልዩ አምባን ያገኛት ዕጣ ጫጫንም በከፊል አገኛት። የሰሜኑ መንገደኛና የወሎ ንግድ ስለ ቀረላት እንደ አልዩ አምባ አልጠፋችም፤ የባሕሩ ጭነት ግን ከመንገዷ ወጣ።

ለባቡሩ የቀረለት ታማኝ ደንበኛ ሦስተኛው ማዕረግ ነበር። ይህ መንገደኛ በኩባንያው ሒሳብ ውስጥ መንገደኛ ተብሎ ቢጻፍም፣ በእውነቱ ነጋዴ ነው። ከድሬዳዋ ልብስ፣ ጨርቅ፣ ጫማና ልዩ ልዩ ሸቀጥ በዘንቢልና በማዳበሪያ ሞልቶ፣ ከመቀመጫው በታችና ከራሱ በላይ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ፣ ቀረጡን አንዳንዴ የሚከፍል፣ አንዳንዴም የሚያመልጥ ነው። ከደጋው የሚሄደው ደግሞ አትክልትና ፍራፍሬ ይዞ ይወርዳል። አብዛኛዎቹ ሴቶች ነበሩ። ይህ ሕዝብ ተሳቢ መኪና የሚከራይበት ካፒታል የለውም፤ የባንክ ደብዳቤም አይከፍትም። ፉርጎው ሱቁም መጋዘኑም ነበር። ቀረጥ ከፍሎ የሚያስመጣ ነጋዴ በዚህ ንግድ ላይ ያሰማው የነበረው ቅሬታ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በመርካቶ ተቀምጦ ወደ ጫጫና ወደ ደብረ ብርሃን የሚያከፋፍለው ነጋዴ ከዚህ ዕቃ ጥቂቱን ሳይገዛ የቀረ አይመስልም። ባለ ሥልጣኖች መንገደኛውን ባቡር ኪሳራ ብቻ ነው ሲሉ የጻፉት፣ በፉርጎው ውስጥ ያለው ንግድ በመዝገባቸው ስላልታየ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመከራ ዘመን ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ሲወርር የባቡሩ ድልድዮች ፈረሱ፤ አገልግሎቱም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ሰኔ ጅቡቲ ነጻ ስለ ወጣች የፈረንሳይ ድርሻ ወደ ሁለቱ መንግሥታት እየተሻገረ፣ በ1973 ዓ.ም. የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ድርጅት በሁለቱ አገሮች ባለቤትነት ተቋቋመ። የባለቤቶቹ ስም ተለወጠ፤ ሐዲዱና ድልድዩ ግን በአብዛኛው ያው የቀድሞው ነበር።

ጥር 1977 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ የዚህን ሁሉ ድካም ሒሳብ በአንድ ቀን አስከፈለ። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ፈጣን የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አጠገብ በገደል ላይ ባለ ኩርባ ድልድይ ሲያልፍ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ወደ ገደሉ ወረዱ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ሌሎችም ቈሰሉ። በአፍሪቃ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው ይባላል። ለአደጋው የተሰጠው ምክንያት ባቡሩ ኩርባው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው። ወቅቱ አገሪቱ በታላቅ ረኃብ የተጨነቀችበት ስለ ነበር፣ ሐዘኑ እንደ መጠኑ ሳይወራ አለፈ። ከሞቱት ብዙዎቹ ዕቃቸውን ታቅፈው የተቀመጡት የሦስተኛ ማዕረግ ሰዎች መሆናቸውን ለመገመት አያዳግትም። ፈጣን ባቡር በተሠራበት መስመር ላይ ብቻ ፈጣን ነው፤ በአንድ ሜትር ሐዲድ፣ በአሮጌ ድልድይ፣ ጠባብ ኩርባ ላይ ፍጥነት ማለት ሌላ ነገር ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ለኢትዮጵያ ተዘጋች። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለባቡሩ ከመቶ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞት አያውቅም፤ ተቀናቃኙ ወደብ ወድቆለት፣ ጭነቱ ሁሉ በበሩ ፊት ቆሞለት ነበር። ሊጠቀምበት ግን አልቻለም። ሎኮሞቲቮቹ አርጅተዋል፤ መለዋወጫው የለም፤ የመተሐራው የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሐዲዱን ያስፈራራው ነበር። ጭነቱን የወሰደው እንደ ገና የጭነት መኪና ሆነ፤ አሁን ከጅቡቲ በገላፊ በኩል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የመስመሩን ከፊል ለማደስ የተደረገው ሙከራ ብዙ ሳይራመድ ቀረ፤ አስተዳደሩን ለውጭ ድርጅት ለመስጠት የታሰበውም ፍሬ አላፈራም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ይመላለስ የነበረው የመንገደኛ ባቡር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ቆመ። ለገሃር ጸጥ አለች።

አዲሱ መስመር የመጣው በዚህ ባዶነት ላይ ነው። የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሰፊው የዓለም ሐዲድ የተዘረጋበት ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኩል ተመረቀ፤ በጅቡቲ በኩል ደግሞ በጥር 2009 ዓ.ም.። መደበኛ የንግድ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እስከ አዳማ ድረስ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አንድ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 12 ሰዓት ያህል በቂ ሆነ፤ ጥንት ሦስት ቀን፣ ከዚያ በፊትም ወር የፈጀ መንገድ ነው። የኢትዮጵያን በኩል ወጪ በአብዛኛው የሸፈነው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ስለ ሆነ፣ ዕዳው ከበደና በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የመክፈያው ጊዜ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደረገ። የባቡሩ ኩባንያ ድርሻ ከመቶ 75 የኢትዮጵያ፣ 25 የጅቡቲ ነው። የቻይና ኩባንያዎች ሲያካሂዱት የቆዩትን ሥራም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ተረከቡ።

መንገደኛው ግን በአዲሱ ባቡር ላይ የቀድሞውን ቦታ አላገኘም። ለገሃር በከተማው እምብርት ነበረች፤ ከጣቢያው ወጥቶ በእግር ወደ ንግድ ቤቱ የሚሄድ ሰው ብዙ ነበር። የአዲሱ ባቡር መነሻ ፉሪ ለቡ ነው፤ ድሬዳዋም ላይ ጣቢያው ከአሮጌው የከተማ ጣቢያ ርቆ ተሠራ። ባቡሩ ያተረፈለትን ሰዓት መንገደኛው በታክሲ ይከፍላል። ማዳበሪያ ተሸክማ ለምትሄድ ነጋዴ ይህ የትርፏን ግማሽ ሊወስድ ይችላል። የቀድሞው ፉርጎ ዕቃዋን በዝምታ ያስገባላት ነበር፤ የአዲሱ መቀመጫ ግን ለሰው ብቻ የተለካ ነው። የኤሌክትሪክ መቋረጥ፣ ሐዲድ የሚሻገር ከብትና ግመል፣ የሽቦና የብሎን ስርቆትም አሉ። አንድ ግመል ሲገጭ ባቡሩ ይቆማል፤ ባለቤቱ ካሣ ይጠይቃል፤ ከኋላ ያለው ጭነት ሁሉ ይጠብቃል።

የአስመጪና የላኪ ዓይን ሊያርፍ የሚገባው ግን በጭነቱ ላይ ነው። ባቡሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ኮንቴይነር ያደርሳል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክና በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉት ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃቸውንና ምርታቸውን ከወደብ ጋር የሚያገናኙት በዋነኛነት በመኪና ነው፤ ያም መኪና በጫጫ ያልፋል። ከሞጆ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው የመኪና ኪራይ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ካለው የባቡር ኪራይ ጋር ተደምሮ ነው የጨርቁና የብረቱ ዋጋ በሱቅ የሚቈረጠው። ባቡሩ በሰዓቱ ከመጣ መኪናው ቆሞ አይጠብቅም፤ ቆሞ ካልጠበቀም ኪራዩ ይወርዳል። የባቡሩ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር መሆኑ ለጫጫ ባለ ሱቅ የሚጠቅመው በዚህ በኩል ካልሆነ በሌላ በኩል አይደለም።

ከአንኮበር ገደል በታች ደግሞ ሌላ ሐዲድ ተነጥፏል። ከአዋሽ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢትንና ኮምቦልቻን አልፎ ወልድያ አጠገብ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መስመር፣ ያፒ መርከዚ በተባለ የቱርክ ኩባንያ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ዋሻዎቹ ተቈፍረዋል፤ ድልድዮቹ ተሠርተዋል፤ ሐዲዱም በብዙው ክፍል ተነጥፏል። የኤሌክትሪክ ኃይል ባለመድረሱና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ግን ለዓመታት ያለ አገልግሎት ቆይቷል። የአልዩ አምባ ሲራራ ነጋዴ ይወርድበት ወደ ነበረው ቆላ የባቡር ሐዲድ የደረሰው፣ ገበያዋ ከተረሳ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ይህ መስመር ሲከፈት የጫጫ ነጋዴ አዲስ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ከጫጫ ወደ አዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጫጫ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚያወርደው መንገድም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። በአንደኛው በኩል ደልዳላ አስፋልት፣ በከተማ መግቢያ ላይ የመኪና ሰልፍና የመርካቶ ጅምላ ሻጭ ትርፍ አለ፤ በሌላው በኩል የጣርማበር ቁልቁለት፣ ጭጋግና የክረምት ጭቃ አለ። የደብረ ብርሃን የጭነት መኪና ባለቤቶችም በየትኛው በኩል ባዶውን መኪና እንደሚመልሱ፣ ወደ ቆላው ገብስና ባቄላ ጭነው መውረድ ይችሉ እንደ ሆነ ከወዲሁ ማስላት ይኖርባቸዋል።